መልሶ የማያነብ ደራሲ

(ይህ በአንድ የመጻሕፍት ወዳጆች ምሽት ላይ ያደረግሁት ንግግር ነው። ከድምፅ ቅጂው ስገለብጠው አንዳንድ ቦታ አሳጥሬዋለሁ፣ አንዳንድ ቦታ ደግሞ ሰዓት ገፍቶኝ የዘለልኩትን መልሼ ጨምሬበታለሁ።)

እንደምን አመሻችሁ። በር ላይ የቆማችሁ ግቡ፣ ፊት ለፊት ወንበር አለ። የኛ ሰው ፊት መቀመጥ ለምን እንደሚፈራ ዛሬም አልገባኝም።

በቀልድ ልጀምር። ቀልዱ የኔ አይደለም፣ በ1920ዎቹ ለንደን ውስጥ ከአፍ ወደ አፍ ሲዞር የነበረ ነው። አንድ ሰው ኤድጋር ዋላስ ቤት ስልክ ይደውላል። ጸሐፊው ያነሳና «ይቅርታ፣ አሁን ሊያነጋግሩዎት አይችሉም፣ አዲስ ልቦለድ ጀምረዋል» ይለዋል። ደዋዩ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ችግር የለም፣ እስኪጨርሱ ስልኩን ይዤ እጠብቃለሁ።»

እስቲ ኤድጋር ዋላስ የሚባል ደራሲ የሚያውቅ እጁን ያውጣ። አንድ፣ ሁለት… አራት። እሺ። ኪንግ ኮንግን፣ ያንን ግዙፍ ጎሪላ፣ ፊልም ላይ ያየስ? አያችሁ፣ አዳራሹ በሙሉ! የጎሪላውን ታሪክ መጀመሪያ ወረቀት ላይ ካሰፈሩት ሰዎች አንዱ ዋላስ ነው። ጎሪላው ቀረ፣ ሰውዬው ተረሳ።

በዘመኑ ግን የማይታወቅበት ቤት አልነበረም። ከ170 በላይ ልቦለዶች፣ ከ900 በላይ አጫጭር ታሪኮች፣ በዚያ ላይ ተውኔቱ፣ ግጥሙ፣ የጋዜጣ ጽሑፉ። የመጀመሪያ ልቦለዱ የወጣው በ1905 ነው፣ የሞተው በ1932 ነው። አካፍሉት። በየዓመቱ ስድስት ልቦለድ፣ ትርፍም አለው። እንግሊዝ አገር ከሚነበቡት አራት መጻሕፍት አንዱ የሱ ነው ተብሎ ይፎከርለት ነበር። አንድ የቀልድ መጽሔት ደግሞ የባቡር ጣቢያ መጽሐፍ ሻጭ መንገደኛውን «የቀትሩን ዋላስ አይተውታል?» ብሎ ሲጠይቅ የሚያሳይ ካርቱን አወጣ። እንደ ጋዜጣ፣ የጠዋት እትም፣ የቀትር እትም፣ የማታ እትም ያለው ደራሲ!

ስለ እሱ ማውራት የፈለግኩት ግን በቁጥሩ ተደንቄ አይደለም። ይህ ሰው የጻፈውን መልሶ አያነብም ነበር። ተናግሮ ያስጽፋል፣ ይላካል፣ በቃ። አርታኢ ሲነካካበት ደግሞ አይወድም። ሕይወቱን ባየሁት ቁጥር ይሄ ነገር የጽሑፍ ልማድ ብቻ አልመስል እያለኝ መጣ። ሰውዬው በምንም ነገር ዞሮ የማየት ጊዜ አልነበረውም። ለምን? ዕዳ ነበረበታ። ሁልጊዜ ዕዳ ነበረበት። ዓመታቱን እንደ ፈረንጆቹ ነው የምጠራው፣ ሰባት ስምንት መቀነሱን ለእናንተ ትቻለሁ።

የተወለደው ኤፕሪል 1 ቀን 1875 ግሪኒች ውስጥ ነው። ፈረንጆቹ እርስ በርስ የሚታለሉበት ቀን መሆኑ ራሱ የሱን ልቦለድ ይመስላል። እናቱ ፖሊ ሪቻርድስ ባሏ የሞተባት ተዋናይት ነበረች፣ ከከተማ ከተማ ከሚዞር የቴአትር ቡድን ጋር የምትኖር። አባትየው የዚያው የቴአትር ቤተሰብ ልጅ ነው። ፖሊ ማርገዟን ስታውቅ ሰበብ ፈጥራ ከቡድኑ ተለየች፣ በድብቅ ወለደች፣ በልደት ምስክር ወረቀቱ ላይም ዋላስ የሚባል በምድር ላይ የሌለ አባት አስመዘገበች። እንግዲህ በኋላ በሚሊዮን የሚቆጠር መጽሐፍ ጀርባ ላይ የታተመው ስም ከመጀመሪያው የፈጠራ ሥራ ነበር ማለት ነው።

በዘጠነኛ ቀኑ ለአሳዳጊ ተሰጠ። አሳዳጊዎቹ ጆርጅ ፍሪማንና ሚስቱ ክላራ ናቸው። ሰውዬው በለንደን የዓሣ ገበያ ተሸካሚ ነው፣ ዓሣ በቅርጫት በጭንቅላቱ የሚያመላልስ። ቤት ውስጥ አሥር ልጆች አሉ። እናቱ መጀመሪያ በየሳምንቱ ጥቂት ሽልንግ ትሰጥ ነበር፣ ልጁ ሦስት ዓመት ገደማ ሲሆነው እሱም አቃታት። ያኔ እንደዚህ ያለ ልጅ የሚሄደው ወደ ድሆች ማጎሪያ ነው። ፍሪማኖቹ እንቢ አሉ። አሥር ባለበት አሥራ አንድ ቢሆን ምን ይመጣል ብለው እንደ ልጃቸው ያዙት። ይሄን የምታውቁት ዓይነት ደግነት ነው፣ የድሃ ቤት ደግነት።

በአሥራ አንድ ዓመቱ ለድጌት ሰርከስ የሚባል አደባባይ ላይ ጋዜጣ ይሸጥ ነበር። ቦታው የጋዜጦቹ ሰፈር፣ የፍሊት ጎዳና፣ መግቢያ ነው። አራት ኪሎ ጋዜጣ ዘርግቶ የሚያከራየውን ልጅ አስቡት፣ ያንን ርእሱን ሁሉ በቃሉ የሚያውቀውን፣ ብቻ የለንደንን ብርድ ጨምሩበት። በአሥራ ሁለት ዓመቱ ትምህርቱን ተወው። ከዚያ ማተሚያ ቤት፣ የጎማ ፋብሪካ፣ የጫማ መደብር፣ ዓሣ አጥማጅ መርከብ ላይ አብሳይ። ከመርከቡ ጠፍቶ ከወደቡ ከተማ እስከ ለንደን በእግሩ ነው የመጣው። ወተት ሲያድልም የሰበሰበው ሒሳብ ላይ እጁ ገብቶ ተባሯል። ይሄን የምነግራችሁ ለማሳጣት አይደለም፣ በኋላ በጻፋቸው ሌቦች ላይ ለምን እንደማይጨክን እንድታውቁ ነው።

ከዚያ ወታደር ቤት ገባ፣ በ1896 ደቡብ አፍሪካ ተላከ፣ እዚያ የወታደር ግጥም እየጻፈ ስም አገኘ፣ በ1899 ገንዘብ ከፍሎ ከወታደርነት ወጣ፣ እንግሊዞች ቦር ከሚባሉት የደች ዘር ሰፋሪዎች ጋር የተዋጉበት የቦር ጦርነት ሲነሳም ዘጋቢ ሆነ። በፍጥነት የማልፈው ሳይጣፍጥ ቀርቶ አይደለም፣ የሚቀጥለው ስለሚበልጥ ነው።

በግንቦት 1902 እንግሊዞችና ቦሮች ፈሪኒኪንግ በሚባል ቦታ ለሰላም ተቀመጡ። ጋዜጠኛ ድርሽ እንዳይል ተከለከለ፣ ቦታው ታጥሯል፣ የእንግሊዝ ጦር አዛዡ ጌታ ኪችነር የሚወጣውን ቃል ሁሉ ሳንሱር ያስደርጋል። ዋላስ ደግሞ ወታደር በነበረበት ጊዜ የሚያውቀው አንድ ጓደኛ አለው፣ ይህ ሰው በለስ ቀንቶት የካምፑ ጠባቂ ሆኗል። ተስማሙ። ዋላስ በካምፑ አጠገብ በሚያልፈው ባቡር ላይ ይሳፈራል፣ ይመለሳል፣ እንደገና ይሳፈራል። ጠባቂው ባቡሩ ሲያልፍ መሀረቡን አውጥቶ አፍንጫውን ይጠርጋል። ምልክቱ የመሀረቡ ቀለም ነው። አንዱ ቀለም ገና ነው ማለት ነው፣ ሌላው እየተሻሻለ ነው፣ ነጩ ከወጣ አበቃ፣ ሰላም ሆኗል። አንድ ቀን ነጩ ወጣ።

መልእክቱንም ሳንሱሩ እንዳይነቃበት የአክሲዮን ግዢ አስመስሎ በቴሌግራም ላከ። ለንደን ያለው ጋዜጣው፣ ዴይሊ ሜይል፣ ዜናውን ያወጣው የእንግሊዝ ፓርላማ በይፋ ከመስማቱ በፊት ነው። ኪችነር ጨሰ። ዋላስን ዳግመኛ የጦር ዘጋቢ እንዳይሆን አገደው። ሰበር ዜና ማለት ይሄ ነበር እንግዲህ፣ በመሀረብ!

በዚያ ዝና በ27 ዓመቱ ጆሃንስበርግ ውስጥ የተመሠረተው ራንድ ዴይሊ ሜይል የመጀመሪያ አዘጋጅ ሆነ። ደመወዙ ትልቅ፣ ቤቱ ትልቅ፣ ግብዣው ትልቅ፣ የአክሲዮን ቁማሩ ከሁሉም ትልቅ። አንድ ዓመት እንኳ ሳይሞላው ከባለቤቱ ተጣልቶ ወጣ፣ ኪሱ ባዶ ሆኖ ለንደን ተመለሰ። ያቺን ዓመት በደንብ ያዙልኝ። ሕይወቱ በሙሉ እሷኑ እየደጋገመ ነው የኖረው፣ ዜሮ እየጨመረባት ብቻ።

በ1903 አንዲት በስልሳዎቹ ዕድሜ ያለች ሴት መጣችበት። ፖሊ ሪቻርድስ ነበረች፣ የወለደችው እናቱ፣ በዓይኑ አይቷት የማያውቃት። ተቸግራለች፣ ታማለች። እሱም በዚያን ሰሞን ከእጅ ወደ አፍ ነው፣ የመጀመሪያ ልጁን በሕመም አጥቷል፣ ዕዳ አለበት። እንደ ገንዘብ ፈላጊ አይቶ ሸኛት። በዚያው ዓመት ብራድፎርድ ውስጥ ሞተች።

እዚህ ጋ ስደርስ ሁልጊዜ ትንሽ ዝም እላለሁ። ልፈርድበትም አልፈልግም፣ ላሳልፈውም አልችልም። ዕድሜ ልኩን ስለ ጠፉ ልጆች፣ ስለ ተደበቀ ወላጅ፣ በመጨረሻ ገጽ ስለሚገለጥ ማንነት የጻፈ ሰው ነው። የገዛ ታሪኩ በሩ ላይ ሲቆም አላወቀውም።

ወደ ልቦለዱ እንሂድ። አሁን የምነግራችሁ ነገር የመጽሐፍ ንግድ ላይ ያላችሁ እንድትማሩበት ነው፣ ሌሎቻችን ደግሞ እንድንስቅበት።

በ1905 የመጀመሪያውን ልብ አንጠልጣይ ልቦለድ ጻፈ፣ አራቱ ፍትሐውያን ይባላል። አራት ሰዎች አንድን የእንግሊዝ ሚኒስትር በዚህ ቀን በዚህ ሰዓት እንገልሃለን ብለው ያስጠነቅቁታል፣ ፖሊስ ከተማውን ሁሉ ከቦ እየጠበቀው፣ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ይሞታል። አሳታሚ አላገኘም፣ ወይም የሚፈልገውን የሚከፍል አላገኘም፣ ስለዚህ ራሱ ማተሚያ አቋቋመ። ሚኒስትሩ እንዴት እንደሞተ የሚናገረውን ክፍል ከመጽሐፉ አስቀረና «እንቆቅልሹን የፈታ ይሸለማል» ብሎ በጠቅላላው 500 ፓውንድ አስቀመጠ። አውቶቡስ ላይ ማስታወቂያ፣ ግድግዳ ላይ ማስታወቂያ። ለንደን ሁሉ ስለ መጽሐፉ አወራ። መጽሐፉ ጉድ ተባለለት፣ ተቸበቸበ።

አንድ ነገር ብቻ ረሳ። በውድድሩ ደንብ ላይ «በትክክል ከመለሱት መካከል የመጀመሪያዎቹ» ወይም «በዕጣ» የሚል ቃል የለም። የመለሰ ሁሉ ይሸለማል። የመለሰው ደግሞ ብዙ ነው! ደብዳቤው እንደ ጎርፍ መጣ። መጽሐፍ በተሸጠ ቁጥር የሚከሰረው የሚጨምርበት ነጋዴ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ከማስታወቂያው ወጪ ጋር ተደማምሮ አንገቱ ድረስ ዘፈቀው። ወራት አለፉ፣ የአሸናፊዎቹ ስም አልወጣም፣ ሰው ማጉረምረም ጀመረ። በመጨረሻ የሚሠራበት የዴይሊ ሜይል ባለቤት ጌታ ሃርምስወርዝ፣ የኔ ጋዜጠኛ አጭበርባሪ ተብሎ ስሜ አይጠፋም ብሎ ገንዘብ አበደረው። የመጽሐፉን መብት ለሌላ አሳታሚ በርካሽ ሸጠው። በየዘመኑ እየታተመ ዛሬም አለ፣ ለደራሲው ግን የመጀመሪያ ድሉ የመጀመሪያ ኪሳራው ነው።

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይላል ያገሬ ሰው። ዋላስ ግን የማይለቅመው ሰው ነው። ያፈሰሰውን ትቶ አዲስ ይቀዳል።

ከሁለት ዓመት በኋላ ከጋዜጣው ተባረረ። ጋዜጣው የሳሙና ነጋዴዎች ላይ የከፈተው ዘመቻ በስም ማጥፋት አስከስሶት ከፍተኛ ካሳ ከፍሎ ነበር፣ ሳይጣራ ከወጡት ዘገባዎች ውስጥ የዋላስ እጅ አለበት። እንግዲህ ማጣራት ማለት መልሶ ማንበብ አይደል? ከዚያ በኋላ ፍሊት ጎዳና ለተወሰነ ጊዜ በሩን ዘጋበት።

እና በምን ይብላ? በልቦለድ። ለየመጽሔቱ፣ ለየጋዜጣው፣ በቁርጥ ዋጋ። የዛሬዎቹ ደራሲዎች ይሄን ስሙኝ፦ መብቱን በሙሉ ይሸጥ ነበር፣ ያውም ለረጅም ዓመታት። መጽሐፉ አንድ ሺህ ይሸጥ አንድ መቶ ሺህ ለሱ ለውጥ የለውም፣ ብሩን ዛሬ ይስጡት ብቻ። ሥጋ ቤቱ እየጠበቀው ነው፣ ልብስ ሰፊው እየጠበቀው ነው፣ የፈረስ ውርርድ ሰብሳቢው እየጠበቀው ነው። ይሄ የተቀየረው በ1921 አንድ ትልቅ አሳታሚ በቅጡ አስፈርሞት ቀብድና የሽያጭ ድርሻ መክፈል ሲጀምር ነው። አሳታሚው ስሙን እንደ ሳሙና አስተዋወቀው፣ ፊቱን ከነረጅም የሲጋራ መያዣው የማያውቅ ጠፋ። በዋላስ አለመመሰጥ አይቻልም የሚል መፈክር ተለጠፈለት።

አጻጻፉን ልንገራችሁ። ዙሪያውን ብርድ እንዳይገባ በመስታወት የተከለለ ጠረጴዛ አለው። ጋዋኑን ለብሶ ይቀመጣል፣ ስኳር የበዛበት ቀጭን ሻይ በየግማሽ ሰዓቱ ይመጣለታል፣ ሲጋራው ከሲጋራ ይለኮሳል። እስክሪብቶ አይነካም። በሰም ጥቅልል ላይ ድምፅ በሚቀዳ መሣሪያ ይናገራል። ጥቅልሉ ሲሞላ ጸሐፊው ሮበርት ከርቲስ ወስዶ ይተይባል። ከርቲስ በታይፕ ፍጥነት የተመሰከረለት ሰው ነበር፣ ባይሆን ኖሮ ይሄ ሁሉ መጽሐፍ አይኖርም። ዓርብ ተጀምሮ ሰኞ ጠዋት ያለቀ ልቦለድ አለ፣ ስድሳ ሰዓት ገደማ ማለት ነው። ከዚያ ሁለት ቀን ይተኛል።

(እዚህ ጋ ከፊት የተቀመጠች እህት «ታዲያ ራሱ ነው የጻፈው ማለት ይቻላል? ሌላ ሰው እያስጻፈ አልነበረም?» ብላ ጠየቀችኝ።)

ጥሩ ጥያቄ ነው እህቴ፣ በዘመኑም ታምቶበታል። ግን ራሱ ነው። ታሪኩን ከአፉ የሚያወጣው ራሱ ነው። እንዲያውም እኔ የምወደው ያንን ነው። አያቶቻችን እሳት ዳር ተረት ሲያወሩ ወረቀት ይዘው አልነበረም፣ የሚሰማቸውን ሰው ፊት እያዩ ነው። የዋላስ ጥሩ ገጾች ልክ እንደዚያ ናቸው፣ ንግግሩ ሕይወት አለው፣ ዓረፍተ ነገሩ አያስተክዝም፣ ምዕራፉ ልክ «ከዚያስ?» ስትሉ ይቆማል። በልጅነታችን የሬዲዮ ትረካ ስናዳምጥ ልብ ሰቅሎ «ሳምንት ይቀጥላል» የሚለውን ነገር ታስታውሱ የለ? እሱን ነው። መጥፎ ገጾቹ ደግሞ… አለ አይደል፣ ሰውዬው እንቅልፍ እንደመጣበት የሚታወቅባቸው ናቸው።

አንድ ጊዜ ብቻ ማየት ለሱ የሚበቃበት ጊዜም አለ። በ1929 አሜሪካ ሄዶ ቺካጎን ለአጭር ጊዜ ጎበኘ፣ የወሮበሎቹን ግድያ ቦታ አየ፣ ተመልሶ ስለ አንድ የቺካጎ ማፍያ አለቃ ተውኔት ጻፈ። በአራት ቀን። ከሥራዎቹ ሁሉ ምርጡ እሱ ነው የሚሉ አሉ፣ እኔም እስማማለሁ። ቻርልስ ላውተን የሚባለው ተዋናይ ገና ወጣት ሳለ ስም ያወጣው በእሱ ነው።

አሁን አፍሪካ ላይ ልምጣ፣ መቼም እዚህ አዳራሽ ተቀምጠን እሱን ሳናነሳ ብንለያይ ነውር ነው።

በ1907 ዋላስ በጋዜጠኝነት ኮንጎ ሄዶ ነበር። ኮንጎ ያኔ የቤልጅጉ ንጉሥ ሊዮፖልድ የግል ንብረት ናት፣ አዎ፣ የግል ንብረት፣ እንደ ቤት። የጎማ ኮታውን ያላሟላ መንደር ይቃጠላል፣ እጅ ይቆረጣል። ዋላስ ሚስዮናውያኑን አነጋግሯል፣ ነገሩን ሰምቷል። ቆይቶ አንዲት የመጽሔት አዘጋጅ ስለ አፍሪካ ሲያወራ ሰምታ «ይሄንን ለምን አትጽፈውም?» አለችው። ጻፈው። በ1911 የመጀመሪያው መድበል ወጣ፣ ከዚያ አሥር ተከታታይ ወለደ፣ ሀብታም ካደረጉት ነገሮች አንዱ ሆነ።

ምን ጻፈ? ስለ ተቆረጠው እጅ? አይደለም። ሳንደርስ የሚባል የእንግሊዝ አስተዳዳሪ ፈጠረ፣ በአንዲት የእንፋሎት ጀልባ በወንዝ ላይ እየተመላለሰ ሩብ ሚሊዮን ያህል አፍሪካዊ በአለንጋና በገመድ የሚያስተዳድር። ጥቁሮቹ ሕጻናት ናቸው፣ ሳንደርስ አባት ነው። ሲያጠፉ ይገርፋል፣ ሲብስ ይሰቅላል፣ እኛ አንባቢዎች እፎይ እንድንል ይጠበቃል። ሳነበው አንዳንዱ ቦታ ላይ መጽሐፉን ዘግቼ ተነስቻለሁ። ተመልሼ ከፍቼዋለሁም፣ እውነቱን ልናገር፣ ምክንያቱም ቦሳምቦ የሚባል ገጸ ባሕርይ አለ። ከላይቤሪያ እስር ቤት አምልጦ መጥቶ አንድ ሕዝብ ላይ ራሱን አለቃ ያደረገ ሌባ፣ ውሸታም፣ ተጫዋች። የተበደረውን የማይመልስ፣ ያልነበረውን ዘመድ የሚፈጥር። ሳንደርስ እንጨት ነው፣ ቦሳምቦ ግን ይተነፍሳል። ለምን እንደሚተነፍስ ታውቃላችሁ? ዋላስ ራሱ ነዋ! በሐሰት ስም የተመዘገበ፣ በአፉ የሚኖር፣ ከአበዳሪ የሚደበቅ። ራሱን ጥቁር አድርጎ ጻፈና ሳያውቀው ከነጩ ጌታ አጠገብ አስቀመጠው። መልሶ ቢያነብ ይታየው ነበር ይሆን? እንጃ።

ወደ መጨረሻው እንሂድ። በ1926 አንድ የወንጀል ተውኔቱ ለንደን ላይ ተመልካች አጥለቀለቀው፣ ከዚያ ወዲያ የሚገባው ገንዘብ ወንዝ ነው። የሚወጣው ግን ባሕር ነው። ቢጫ ሮልስ ሮይስ፣ የራሱ የውድድር ፈረሶች፣ ሆቴል ውስጥ በቋሚነት የተያዙ ክፍሎች። ፈረሶቹ አያሸንፉም። ስለ ፈረስ ውድድር በጋዜጣ ለሕዝብ የሚመክር ሰው ነበር፣ በራሱ ምክር የከሰረ ደግሞ እሱን የሚያክል የለም። በ1931 ምን ነካው ለፓርላማ ተወዳደረ፣ ብላክፑል ከተማ፣ ከሊብራሎቹ ወገን። ከ33,000 በሚበልጥ ድምፅ ተሸነፈ። ለምርጫውም ያወጣው ብር አለ።

ዕዳው ሲያፋጥጠው ሆሊውድ ጠራው። በ1931 መጨረሻ ሄደ፣ አርኬኦ የሚባለው የፊልም ኩባንያ ቀጠረው፣ ስለ ግዙፉ ጎሪላ የሚያወራውን ፊልም የመጀመሪያ ረቂቅ በጥቂት ሳምንት ጻፈ። በየቀኑ ለሚስቱ ረጃጅም ደብዳቤ ይልክ ነበር። ስኳር በሽታ ነበረበት፣ ያ ሁሉ ጣፋጭ ሻይ! ሳንባ ምች ተጨመረበት። ፌብሩዋሪ 10 ቀን 1932 ሞተ፣ 56 ዓመቱ ነበር። ፊልሙ በሚቀጥለው ዓመት ወጣ፣ ስሙ ሰፍሮበታል፣ እሱ ግን አላየውም።

አስከሬኑ በመርከብ እንግሊዝ ሲደርስ ፍሊት ጎዳና ባንዲራውን ዝቅ አደረገ፣ የጋዜጠኞቹ ቤተ ክርስቲያን ደወሉን ደወለ። ከዚያ ሒሳቡ ተከፈተ። ዕዳው ወደ 140,000 ፓውንድ ነው፣ የዚያን ዘመን ፓውንድ። ጥሬ ገንዘብ የለም ማለት ይቻላል። ሚስቱም ብዙ ሳትቆይ፣ በዓመት ከጥቂት ወር፣ ሞተች። የሚገርመው ግን በኋላ በቀብድና በድርሻ የተፈራረመባቸው መጻሕፍት መሸጣቸውን ቀጠሉ፣ ያ ሁሉ ዕዳ በሁለት ዓመት ገደማ ተከፈለ። ሞቶ የከፈለ ሰው ነው። ጀርመኖች ደግሞ ከ1959 ጀምሮ በመጻሕፍቱ ከሰላሳ በላይ ፊልም ሠሩ፣ አንዳንዶቹ ሲጀምሩ «ሃሎ፣ ኤድጋር ዋላስ ነኝ የምናገረው» የሚል ድምፅ ይሰማል። ዛሬ ከአገሩ ይልቅ እዚያ ነው የሚታወቀው።

አንድ ነገር ቀርቶኛል፣ እኛን የሚመለከተው እሱ ነው።

የሳንደርስ ታሪክ በ1935 ለንደን ውስጥ ፊልም ሆነ። ቦሳምቦን የተጫወተው ታላቁ ጥቁር አሜሪካዊ ድምፃዊ ፖል ሮብሰን ነው። ሲቀረጽ የአፍሪካን ባህል የሚያከብር ፊልም መስሎት ነበር፣ ተቆራርጦና ተገጣጥሞ ሲያየው የቅኝ ግዛት ውዳሴ ሆኖ አገኘው፣ ዕድሜ ልኩን አፈረበት። የአፍሪካ መንደሩ የተሠራው እንግሊዝ ስቱዲዮ ውስጥ ነው፣ ለመንደርተኛ የሚሆኑ ጥቁሮች ከለንደንና ከወደብ ከተሞች ተሰበሰቡ። ከተሰበሰቡት አንዱ እዚያው ለንደን የሚማር፣ የቤት ኪራይ ውዝፍ ያለበት ኬንያዊ ነበር። የቀን ክፍያ አለው፣ ቆዳ ለብሶ ከሌሎች አለቆች ጋር ሳንደርስ ፊት ይቆማል፣ በቃ። ስሙ ጆሞ ኬንያታ ነው።

በዚያው ዓመት፣ የጣሊያን ጦር መረብን ሊሻገር ሲዘጋጅ፣ ለንደን ውስጥ የአቢሲኒያ ወዳጅ አፍሪካውያን ማኅበር ተቋቋመ። ጸሐፊው ይኸው ኬንያታ ነበር። በ1936 ጃንሆይ ተሰድደው ዋተርሉ ባቡር ጣቢያ ሲወርዱም ሊቀበሏቸው ከመጡት መካከል አለ። ፊልሙን ለማየት ዕድል ካገኛችሁ ቦሳምቦን ተዉት፣ ሳንደርስንም ተዉት፣ ከኋላ የተሰለፉትን አለቆች ፊት አንድ በአንድ እዩ። እኔ ሁለት ጊዜ አይቼዋለሁ፣ በሁለተኛው ነው ያገኘሁት።